ላይቭ ስርጭት በአፓችሁ ውስጥ፦ ዩቲዩብ፣ የኪራይ አገልግሎት ወይስ የራስ ሰርቨር?

ድሬዳዋ ተቀምጦ አፕ የሚሠራ ሰው ይቺ ጥያቄ አትቀርለትም። ከዚራ ያለ የሰርግ ስቱዲዮ ይደውላል። «ስማ፣ የሙሽራዋ እህቶች ቶሮንቶ ናቸው፣ ሰርጉ በእኛው አፕ ላይ ላይቭ ይታይልን» ይላል። ሳቢያን ያለ አስጠኚ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የማታ ክፍል በቪዲዮ መስጠት ይፈልጋል። ሐረር ያለ ወዳጅ ደግሞ የሹዋሊድን በዓል ሌሊት ውጭ ለሚኖሩ ሐረሪዎች ማሳየት ያምረዋል። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚሉት አንድ ነው፦ «የቱን ልጠቀም?»

ሰው ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚያየው የምስል ጥራትና ዋጋን ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስርጭቱ መሀል ላይ ሲቋረጥ ኮዳችሁ ምን ያውቃል? አውቆስ ምን ማድረግ ይችላል? እዚህ መቋረጡ አይቀርማ። መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይደክማል። በግንቦት ሙቀት ስልኩ ራሱ ግሎ ይዘጋል። ሁሉም ነገር ሰላም ሲሆን የትኛውም አማራጭ ያምራል። የሚለያዩት ሲበላሽ ነው፤ እዚህ የማወዳድራቸውም በዚያ ዓይን ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ

ላይቭ ሁለት ጉዞ ነው። አንዱ ከካሜራው ወደ ሰርቨር፣ ሌላው ከሰርቨር ወደ ተመልካች። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አርቲኤምፒ በሚባል የቪዲዮ መላኪያ ደንብ (ፕሮቶኮል) ይሄዳል። አርቲኤምፒን ማክሮሚዲያ ለፍላሽ ብሎ ነበር የሠራው። ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተቀበረ፤ አርቲኤምፒ ግን ቪዲዮ ለመላክ ዛሬም አለ። ኦቢኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ማሰራጫ ፕሮግራምም የስልክ ማሰራጫ አፖችም ያውቁታል። ሁለተኛው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ኤችኤልኤስ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጣው። ቪዲዮውን እየቆራረጠ እንደ ተራ ፋይል ያድላል። አፕል የሚመክረው የአንድ ቁራጭ ርዝመት 6 ሰከንድ ነው። ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ ያህል ይዞ ስለሚጀምር ተመልካቹ 20 ሰከንድ ገደማ ወደኋላ ይቀራል። ለሰርግ ምንም አይደለም። «መልሱን ማን ያውቃል?» ብሎ ለሚጠይቅ አስተማሪ ግን ክፍሉ ሞተ ማለት ነው።

ከኮዱ ወገን ሲታይ ሥራው ስርጭት መፍጠር፣ የመላኪያ ቁልፍ መስጠት፣ መጀመሩንና መቋረጡን ማወቅ፣ መዝጋት፣ በመጨረሻም ቀረጻውን ማግኘት ነው። አንድ አገልግሎት ስትመዝኑ እያንዳንዱን አንሱና «ይሄን ኮዴ ያደርገዋል ወይስ እኔ ዳሽቦርድ ገብቼ ልጫን?» በሉ።

ዩቲዩብ፦ ነጻ ነው፣ ግን የሰው ቤት ነው

በጀት የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዩቲዩብን ነው። ልክ ነው። ሃምሳ ሰው አየው አምስት ሺህ፣ ለእናንተ ያው ነው፤ አትከፍሉም። ምስሉን በየተመልካቹ ኔትወርክ ልክ ማሳነስና ማሳደግም የእሱ ጣጣ ነው። ማጫወቻውን አፓችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ትገላገላላችሁ።

በኤፒአዩ (ኮዳችሁ ከዩቲዩብ ጋር በሚነጋገርበት መንገድ) በኩል ጀማሪ የሚደናገርበት ነገር አለ። ብሮድካስትና ስትሪም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብሮድካስቱ ፕሮግራሙ ነው፤ ርዕሱን፣ ሰዓቱን፣ ማን ማየት እንደሚችል ይይዛል። ስትሪሙ ቪዲዮው የሚገባበት በር ነው፤ የመላኪያ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሁለቱን ባይንድ በሚባለው ጥሪ ታያይዛላችሁ። ከዚያ ትራንዚሽን በሚባለው ጥሪ ብሮድካስቱን ከሙከራ ወደ ላይቭ፣ ከላይቭ ወደ ተጠናቀቀ ታሸጋግራላችሁ። ቪዲዮ መግባት ሳይጀምር «ላይቭ ሁን» ብትሉት እምቢ ይላል። መጀመሪያ ስትሪሙ «አክቲቭ» መሆን አለበት።

አሁን ወደ መቋረጡ እንምጣ። ብሮድካስት ስትፈጥሩ ሁለት ምርጫዎች አሉ፦ ራሱ እንዲጀምርና ራሱ እንዲያቆም። ራሱ ይጀምር፣ ጥሩ ነው። ራሱ ያቁም ማለት ግን ለእኛ አገር አይሆንም። ቪዲዮ መግባት ካቆመ አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። አንዴ «ተጠናቀቀ» ካለ መመለሻ የለውም፤ አዲስ ብሮድካስት፣ አዲስ ሊንክ ነው። እስቲ አስቡት። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ መብራት ሄደ። ጀነሬተር እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ቶሮንቶ ያለችው እህት «ስርጭቱ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ይሄን ምርጫ አጥፉት። መዝጊያውን ቪዲዮ ቀራጩ ሲጨርስ የሚጫነው ቁልፍ አድርጉት።

ኮዳችሁ መቋረጡን እንዴት ያውቃል? በመወትወት። ስለ ላይቩ ሁኔታ ዩቲዩብ ወደ ሰርቨራችሁ ደውሎ አይነግራችሁም፤ እናንተ ናችሁ እየደጋገማችሁ የምትጠይቁት። የስትሪሙን ጤንነት «ጥሩ»፣ «ደህና»፣ «መጥፎ»፣ «ምንም ዳታ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ይሄ ጠቃሚ ነው። ግን በየ5 ሰከንዱ ከጠየቃችሁ በሰዓት 720 ጥሪ ነው። ለአንድ ፕሮጀክት በነባሪነት የሚሰጠው የቀን ኮታ 10,000 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ጥሪ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ለአንድ ሰርግ ይበቃል። ለቅዳሜና እሑድ ሰርግ ግርግር ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ይፈልጋል።

የፈቃዱም ነገር አለ። ዩቲዩብ የሰርቨር አካውንት አይቀበልም፤ የቻናሉ ባለቤት ራሱ ገብቶ መፍቀድ አለበት። ጎግል ላይ ያስመዘገባችሁት አፕ «በሙከራ ላይ» በሚለው ደረጃ ከተተወ ያ ፈቃድ በ7 ቀን ይቃጠላል። ሰኞ የሞከራችሁት በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሰርግ ላይ «ግባ» ብሎ ይጠይቃችኋል። ቻናሉ ላይቭ ከዚህ በፊት ነክቶ የማያውቅ ከሆነም ለመፈቀድ እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል።

የሰው ቤት ነው ያልኩት ግን በዋናነት በዘፈን ምክንያት ነው። ሰርግ ያለ ዘፈን የለም። ዩቲዩብ ላይቩን እያዳመጠ ባለመብት ያለው ሙዚቃ ካገኘ ምስላችሁን በቆመ ሥዕል ሊተካው፣ ሊያስጠነቅቅ፣ አልፎም ስርጭቱን ሊያቋርጠው ይችላል። በዚያን ሰዓት ኮዳችሁ ቪዲዮ በደንብ እየገባ መሆኑን ነው የሚያየው። ስትሪሙ «ጥሩ» ነው። ተመልካቹ ግን ሙሽሮቹን አያይም። ለትምህርት፣ ለስብሰባ፣ ለስብከት ዩቲዩብን ያለ ሐሳብ እመክራለሁ። ለሰርግ አልመክርም።

የኪራይ አገልግሎት፦ ዌብሁክ ያለው ሰው አይጨነቅም

ከዚህ ወገን ሙክስ፣ ክላውድፍሌር ስትሪምና አማዞን አይቪኤስ አሉ። ሐሳቡ አንድ ነው። በአንድ ጥሪ «ስርጭት ፍጠርልኝ» ትላላችሁ፤ የመላኪያ ቁልፍና የማያ አድራሻ ይሰጣችኋል። ማጫወቻው የእናንተ፣ ቀለሙ የእናንተ፣ ሎጎው የስቱዲዮው ነው። ሙዚቃውን የሚያዳምጥ ሮቦት የለም። የባለመብቶቹን ፈቃድ መያዝ ግን የእናንተ ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል።

ትልቁ ልዩነት አገልግሎቱ ራሱ ወደ ሰርቨራችሁ እየደወለ የሚነግራችሁ መሆኑ ነው፤ ዌብሁክ የሚባለው ይሄ ነው። ሙክስን በቅርብ እንየው። ቀራጩ ኦቢኤስ ላይ «ጀምር» ሲል «ተገናኘ» የሚል ዌብሁክ ሰርቨራችሁ ጋ ይደርሳል። ቪዲዮው ለተመልካች ሲዘጋጅ «አክቲቭ» ይላል። ገመዱ ሲነቀል «ተቋረጠ» ይላል፣ ግን አይዘጋም። የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ በነባሪነት 60 ሰከንድ፣ ከፈለጋችሁ እስከ 1,800 ሰከንድ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተመለሰ ያው ስርጭት ይቀጥላል፤ ሊንኩም ቀረጻውም አንድ ነው። ካልተመለሰ «አይድል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አለቀ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ደስ የሚል ሥራ ነው። «ተቋረጠ» ሲመጣ የተመልካቹ ስክሪን ላይ «መብራት ነው፣ ተመልሰን እንመጣለን» የሚል ጽሑፍ ታወጣላችሁ። ለቀራጩ የጽሑፍ መልእክት ትልካላችሁ፤ ሰርግ ላይ ያለ ቀራጭ መቋረጡን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። «አይድል» ሲመጣ የቀረጻውን ሊንክ ለቤተሰቡ ትሰዳላችሁ። እኔ ለሰርግ የመጠበቂያውን ጊዜ 10 ደቂቃ አደርገዋለሁ። ጀነሬተር ለመነሳት፣ ራውተሩም ተነስቶ ኔትወርክ ለመያዝ ይበቃዋል።

ዌብሁክ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ ቅደም ተከተሉም ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የመልእክቱን መለያ መዝግቡ፣ የደረሰበትን ሳይሆን የተፈጠረበትን ሰዓት እዩ። ፊርማውንም አረጋግጡ። አለዚያ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ስርጭታችሁን «አለቀ» ሊለው ነው። የመላኪያ ቁልፉን ደግሞ ለአንድ ዝግጅት አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበትና አጥፉት። ያለፈው ሳምንት ቀራጭ ስልክ ላይ የቀረ ቁልፍ በዚህ ሳምንት ሰርግ ላይ የማን ምስል እንደሚያመጣ አይታወቅም።

አማዞን አይቪኤስ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ የትዊች ቴክኖሎጂ ነው ከበስተኋላው ያለው። መዘግየቱ ከ5 ሰከንድ በታች ይወርዳል። ሁለት ነገሩን እወደዋለሁ። አንደኛ፣ ከመቋረጡ በፊት ቪዲዮው እየሳሳ ሲመጣ «ዳታ እያጠረኝ ነው» የሚል ምልክት ይልካል። ይሄ ለእኛ ወርቅ ነው፤ ቀራጩን «ጥራቱን አውርድ» ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ከቪዲዮው ጋር አብሮ የሚጓዝ እስከ 1 ኪሎባይት የሚሆን አጭር መረጃ በኮድ መላክ ይቻላል። አስተማሪው ጥያቄውን ሲያነብ የመልስ ምርጫዎቹ ተማሪው ስክሪን ላይ ልክ በዚያው ቅጽበት ይወጣሉ፣ ቪዲዮው ቢዘገይም። ክፋቱ ምልክቶቹ በአማዞን የራሱ የመልእክት ማዞሪያ በኩል ነው የሚመጡት። አማዞንን ለማያውቅ ሰው ቅንብሩ ራስ ምታት ነው።

ክላውድፍሌር በዋጋው ግልጽነት ይበልጣል። 1,000 ደቂቃ ለማስቀመጥ 5 ዶላር በወር፣ 1,000 ደቂቃ ለተመልካች ለማድረስ 1 ዶላር። አንድ የሁለት ሰዓት ሰርግ 200 ሰው ካየው 24,000 ደቂቃ ነው፤ 24 ዶላር። ለስቱዲዮው በዚህ ቋንቋ ንገሩት፣ ወዲያው ይገባዋል።

ይሄ «ዶላር» የሚለው ቃል ነው እንግዲህ ነገር የሚያመጣው። የምንዛሪው ሥርዓት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ በብር ተዋውሎ በዶላር የሚከፍል ሰው ትርፉ እንዳይበላበት ዋጋውን ደጋግሞ ማየት አለበት። ውጭ የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ ደግሞ የተለመደው መላ ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ነው። ይሠራል። ግን አካውንቱ በማን ስም እንደሚሆንና ካርዱ መቼ እንደሚያበቃ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለነሐሴ የተያዘ ሰርግ በሐምሌ ያበቃ ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ መገኘት የለበትም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። «ድሬ ለጅቡቲ ቅርብ ስለሆነች እኛ ጋ አይፈጥንም?» ከአገር የሚወጣው ትራፊክ አንዱ መንገዱ ጅቡቲ ያሉት የባሕር ገመዶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ክላውድፍሌርም ጅቡቲ ውስጥ ጣቢያ አለው። የእናንተ ዳታ ግን በካርታው ላይ ባለው አጭር መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። ከድሬ በስልክ ዳታ የሙከራ ስርጭት ላኩና ሰዓቱን ራሳችሁ ያዙ።

ዌብአርቲሲ፦ ሰው ለሰው ሲነጋገር

ተማሪው እጅ አውጥቶ መጠየቅ ካለበት፣ ወይ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ በላይቭ ጨረታ ካወጣ፣ 5 ሰከንድም ብዙ ነው። ዌብአርቲሲ የተሠራው ለዚህ ነው። መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው3ሲ ይፋዊ ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል፤ ብራውዘሮች ሁሉ ይዘውታል።

ምርጫው ብዙውን ጊዜ አጎራ ወይስ ላይቭኪት የሚል ይሆናል። አጎራ የተዘጋጀ አገልግሎት ነው፣ በወር 10,000 ደቂቃ ነጻ ይሰጣል። ብዙ ይመስላል። ግን የሚቆጠረው በሰው ነው። አንድ አስተማሪና 30 ተማሪ ለአንድ ሰዓት ከተገናኙ 1,860 ደቂቃ ነው። አምስት ክፍል ሰጥታችሁ ስድስተኛው መሀል ላይ ነጻው ያልቃል። ላይቭኪት ክፍት ኮድ ነው፤ ከፈለጋችሁ ከእነሱ ተከራዩት፣ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ጫኑት። ኮዱ ሁለቱም ቦታ አንድ ነው። በእኔ እምነት ለማደግ ለሚያስብ ሰው ላይቭኪት ይሻላል፤ አንድ ቀን ሂሳቡ ሲከብድ ይዛችሁት ትወጣላችሁ።

እዚህ የኮዱ ሥራ ቶከን፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃድ፣ ማደል ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይናገር፣ ማን ዝም ብሎ ይይ የሚለው ቶከኑ ውስጥ ይጻፋል። ሚስጥራዊ ቁልፉ አፑ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥም፤ አፑን ፈትቶ የሚያይ ልጅ አይጠፋም። ቶከኑ ከሰርቨር ይምጣ፣ ዕድሜውም አጭር ይሁን። ላይቭኪት ላይ አንድን ረባሽ በኮድ ከክፍል ብታስወጡት ቶከኑ አይሞትም። ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ያው ልጅ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ስታስወጡት የራሳችሁ ዳታቤዝ ውስጥም «ታግዷል» ብላችሁ ጻፉ፣ አዲስ ቶከን ሲጠይቅ ከልክሉት፣ የያዘውም ቶሎ የሚያበቃ ይሁን።

ኔትወርክ ሲደክም ዌብአርቲሲ የሚያደርገውን ለደንበኛ አስቀድማችሁ አስረዱ። ኤችኤልኤስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዌብአርቲሲ ምስሉን እያደበዘዘ ይሮጣል። ለክፍል ድምፁ እስከመጣ ድረስ ችግር የለውም። ለሰርግ ግን የሙሽራዋ ፊት ሲጠፋ ደስ አይልም። ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥም ኔትወርኩ ዌብአርቲሲ የሚሄድበትን ዩዲፒ የሚባል መንገድ ብዙ ጊዜ ስለሚዘጋ ተራ ድረ ገጽ በሚያልፍበት በ443 በር በኩል የሚያሻግር ተርን የሚባል አማላጅ ሰርቨር ያስፈልጋል። የኪራዮቹ ይሄን ይዘው ይመጣሉ።

የራስ ሰርቨር፦ ሂሳቡ ይታወቃል፣ እንቅልፉ አይታወቅም

በወር ቁርጥ ያለ ዋጋ ከፍዬ ልረፍ ለሚል ሰው ሚዲያኤምቲኤክስ የሚባል የሰርቨር ፕሮግራም አለ። ክፍት ኮድ፣ አንድ ፋይል፣ አውርዶ ማስነሳት ብቻ። በአርቲኤምፒ ይቀበላል፣ በኤችኤልኤስም በዌብአርቲሲም ያወጣል። ከእሱ በፊት ሰው ሁሉ ኤንጂንኤክስ በሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ የአርቲኤምፒ ሞጁል ይጭን ነበር። ያ ዛሬም ይሠራል፣ ግን አዲስ ለሚጀምር አልመክርም።

ለኮድ ምቹ ነው። ሰው ቪዲዮ ልላክ ሲል ሰርቨራችሁን «ይሄን ላስገባው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እሺ ካላችሁ ይገባል፣ አይ ካላችሁ ይባረራል። ስርጭት ሲጀምርና ሲቋረጥ የፈለጋችሁትን ትዕዛዝ ያስነሳል። መቆጣጠሪያ ኤፒአዩ 9997 በር ላይ ነው፤ ማን እንደተገናኘ ያሳያል፣ ማባረርም ያስችላል። ያንን በር ለዓለም እንዳትከፍቱት። ቀረጻውን ደግሞ በትናንሽ ክፍልፋይ እያደረገ ስለሚጽፍ ሰርቨሩ በድንገት ቢጠፋ የሚጠፋው የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት፤ የቀረው ይከፈታል።

ጣጣው ወደ ተመልካች የሚልከው መስመር አቅም ላይ ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት ይወጣል እንበል። 200 ተመልካች ማለት 240 ሜጋቢት በአንድ ጊዜ ነው። በሁለት ሰዓት 216 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሱቃችሁ ጓዳ አይቀመጥም፤ ውጭ ትከራዩታላችሁ። ሁለተኛ፣ ሚዲያኤምቲኤክስ በራሱ ምስሉን በሦስት በአራት ጥራት አያዘጋጅም። የመጣለትን ነው የሚያሳልፈው። ደካማ ኔትወርክ ላለው ተመልካች አነስ ያለ ምስል ከፈለጋችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ከጎኑ ማስነሳት አለባችሁ፤ ያኔ ርካሹ ሰርቨር ፕሮሰሰሩ ያቃስታል። ሦስተኛ፣ እሑድ ማታ ሰርቨሩ ቢወድቅ የሚነሳው ማነው? እናንተ። ሚስታችሁንም አስፈቅዱ።

ቴሌግራምና ፌስቡክስ? ለቅብብሎሽ ጥሩ ናቸው፣ ለመሠረት አይሆኑም። ቴሌግራም ቻናል ላይ የአርቲኤምፒ አድራሻና ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ ሰውም እዚያው ስለሆነ ያያል። ግን በተራ ቦት ላይቭ ማስጀመር አይቻልም፤ በሰው አካውንት የሚገባ ኮድ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ወዲህ የላይቭ ቀረጻን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ለመጀመርም አካውንቱ 60 ቀን የሞላውና ቢያንስ 100 ተከታይ ያለው መሆን አለበት። ሙክስም ክላውድፍሌርም ስርጭቱን ወደ እነዚህ በጎን ማስተላለፍ ይችላሉ።

ኮዱ የማያድነው፦ የላኪው ወገን

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው ጉዞ ከድሬ ወይ ከሐረር ነው የሚነሳው። 720ፒን በ1.5 ሜጋቢት መላክ 1080ፒን በ4 ሜጋቢት ላክሁ ብሎ ከመንጠባጠብ ይሻላል። ኦቢኤስ ላይ ኪይፍሬሙን (ሙሉ ምስል የሚላክበትን ልዩነት) 2 ሰከንድ አድርጉት። መጨናነቅ ሲመጣ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚልከውን ዳታ) ራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅድ ምርጫም አለው፤ አብሩት።

ስልክ ከሆነ የሚልከው ጥላ ውስጥ አድርጉት። ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ የድሬ ፀሐይ ላይ የቆመ ስልክ መጀመሪያ ፍሬሙን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሽፋኑን አውልቁ። አፓችሁ አንድሮይድ ላይ የስልኩን የሙቀት ደረጃ ማንበብ ስለሚችል ከመጥፋቱ በፊት ራሱ ጥራቱን እንዲያወርድ አድርጉት።

ሁለት ሲም ያዙ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ድሬ ላይ ነው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፤ ስለዚህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አማራጭ አለ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዛል። ግን ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ፣ ወይ የሹዋሊድ ሌሊት ሐረር ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ሲያወጣ ሁለቱም አብረው ሊጨናነቁ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ቦታ ከአርቲኤምፒ ይልቅ ኤስአርቲ የሚባለው የመላኪያ ደንብ ይሻላል። የጠፋውን ፓኬት ብቻ እያስደገመ ይሄዳል። ክላውድፍሌርም ሚዲያኤምቲኤክስም ይቀበሉታል። ጀጎል ውስጥ በወፍራም ግንብ ቤት ውስጥ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ የሚልከውን ስልክ ወይ ራውተር ግቢው ላይ አውጡትና በገመድ አገናኙ።

የሚያየውንም አትርሱ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚሄድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። አገር ቤት ያለ ተማሪ ይሄን ከፓኬጁ ነው የሚከፍለው። ድምፅ ብቻ የሚል አማራጭ ጨምሩ፤ በ64 ኪሎቢት በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለታሪክ ክፍል ይበቃል። ለሒሳብ አይበቃም።

ታዲያ የቱን?

ለሰርግ ስቱዲዮው ክላውድፍሌር ወይም ሙክስ። ካርዱ ካለ አታቅማሙ፤ 24 ዶላሩ በፓኬጁ ዋጋ ውስጥ ይገባል። የመጠበቂያው ጊዜ ይርዘም፣ ቁልፉ ለአንድ ቀን ይሁን።

አስጠኚው ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ከሆነ ላይቭኪት። አስተማሪው ብቻውን የሚያስረዳ ከሆነ ግን ያልተዘረዘረ የዩቲዩብ ስርጭት በነጻ ይወጣለታል። ሊንኩ ያለው ሁሉ እንደሚያየው አውቆ ይግባበት፤ ክፍያ የሚጠይቅ ክፍል ከሆነ ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ለመዞር አንድ ማታ አይፈጅበትም።

ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ተመልካቹ ስንት እንደሚሆን መገመት ያስቸግራል። ስለዚህ በደቂቃ የሚቆጥር አገልግሎት አልመርጥለትም። በኤስአርቲ ወደ ትንሽ ሚዲያኤምቲኤክስ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ። ሰርቨሩ የሚያገለግለው ለተመልካች አይደለም። ቀረጻው በእጃችሁ እንዲቀርና መቋረጡን ኮዳችሁ ሳይወተውት እንዲያውቅ ነው። የታይዋኑ ጨረታ ደግሞ ዌብአርቲሲ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም፤ 20 ሰከንድ የዘገየ ጨረታ ጠብ ነው።

የመረጣችሁትን ከመዋዋላችሁ በፊት ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ሞክሩት። ከስልክ አስጀምሩ። ስልኩን 20 ሰከንድ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና መልሱ። ቀጥሎ 90 ሰከንድ። ቀጥሎ ራውተሩን ከሶኬቱ ንቀሉ። በየአንዳንዱ ሰርቨራችሁ ምን መልእክት እንደደረሰው፣ ሌላ ስልክ ላይ ያለው ተመልካች ምን እንዳየ፣ ገጹን ማደስ አስፈልጎት እንደሆነ መዝግቡ። መጨረሻ ላይ ቀረጻውን ክፈቱ። ሁለት ሦስት ፋይል ሆኖ ከተቀመጠ የሚያገጣጥመውን ስክሪፕት ከሰርጉ በፊት ጻፉ።